መብራት ለሚሄድበት ሰፈር የቤት ራውተርና ፋየርዎል፦ የቱን ሳጥን እንግዛ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን የቤታችን ፋየርዎል፣ ማለትም ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደው የኔትወርክ ዘበኛ፣ አንድ ያረጀ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነበር። ርካሽ ስለነበር ገዛሁት። ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ጨመርኩበት፣ ፒኤፍሴንስ የሚባል የፋየርዎል ሶፍትዌር ጫንኩበት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ጥግ ይዞ ተቀመጠ። በደህና ቀን ጥሩ ይሠራል። መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል። መብራት ሲመጣም ብቻውን አይነሳም፤ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ቁልፉን መጫን አለበት። አንድ ሌሊት መብራቱ ሄድ መጣ ሲል አደረ። ጠዋት ላስነሳው ብል ሃርድ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል እንጂ አይነሳም። ባለቤቴ የሁለት ሰዓት ተኩል ስብሰባዋን በስልክ ዳታ ገባች። ስብሰባው ሳያልቅ ዳታዋ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም፣ ለወንድሜም፣ ለጎረቤትም ዕቃ ስመርጥ ቅደም ተከተሌ ተገለበጠ። ድሮ መጀመሪያ የማየው ፍጥነቱን ነበር። አሁን መጀመሪያ የማየው አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር ነው። ቀጥሎ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ይነሳል ወይ እላለሁ። ፍጥነት ሦስተኛ ነው የሚመጣው። ጀነሬተር ያለው ሕንፃ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ላይታየው ይችላል። ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ ላለን ሰዎች ግን ኢንተርኔታችንን የሚያቋርጠው አብዛኛውን ጊዜ የሳጥኑ ደካማነት አይደለም። ሳጥኑ የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው።

ዋቱን በቆጣሪ መቁጠር

የእንጀራ ምጣድ ብዙ ይበላል፤ ወደ 3 ተኩል ኪሎዋት አካባቢ። ግን የሚጣደው በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው። ራውተር ትንሽ ይበላል፤ ግን ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። 10 ዋት የሚበላ ሳጥን በ30 ቀን 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንጀራ ከመጋገር ጋር እኩል ነው በሉት። የእኔ ዴስክቶፕ ወደ 60 ዋት ይበላ ነበር። 43 ኪሎዋት ሰዓት በወር። ስድስት ጊዜ ምጣድ እንደመጣድ ነው፣ ያውም ምንም እንጀራ ሳይወጣ። የመብራት ሂሳብ ደግሞ በእርከን ነው የሚሰላው። የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ርካሽ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ የአንዱ ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ብቻውን ያንን ርካሽ እርከን ሊጨርሰው ትንሽ ነው የሚቀረው።

የዋት መለኪያ ከሌላችሁ ቆጣሪያችሁ ራሱ ይለካላችኋል። የእኔ ቆጣሪ ላይ 1600 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ትንሿ ቀይ መብራት 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል 1 ኪሎዋት ሰዓት ተበላ ማለት ነው። ማታ ፍሪጁንም፣ አምፖሉንም፣ የስልክ ቻርጀሩንም አጠፋሁና ሊለካ የሚገባውን ዕቃ ብቻ ተውኩ። ከዚያ የስልኬን ሰዓት ይዤ ቆጣሪው ፊት ቆምኩ። ዴስክቶፑ ሲሠራ መብራቷ በየ37 ሰከንዱ ብልጭ ትላለች። 10 ዋት የሚበላ ዕቃ ሲሆን ግን ከአንዱ ብልጭታ እስከ ቀጣዩ 3 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ነው። ቆሞ መጠበቁ ራሱ ያደክማል። ልዩነቱ በዓይን ሲታይ ከማንኛውም የሽያጭ ወረቀት በላይ ያሳምናል። ቁጥሩ ከቆጣሪ ቆጣሪ ስለሚለያይ የራሳችሁን አንብቡ።

ባትሪው ነው ዋናው ሂሳብ

ከወር ሂሳቡ ይልቅ ለኛ የሚከብደው ሌላ ነው። መብራት ሲሄድ ሳጥኑ በባትሪ ስንት ሰዓት ይቆያል?

የተለመደችው ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ዩፒኤስ ውስጥ የምትገኘው፣ 7 አምፒር ሰዓት ናት። 12 በ7 ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። የእርሳስ ባትሪ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ከተጠባ ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ ግማሹን ብቻ እንቁጠር፦ 42። የኢንተርኔት አቅራቢው የሰጠው የፋይበር ሳጥን 6 ዋት፣ ራውተሩ 4 ዋት ከሆኑ በድምሩ 10 ዋት ነው። ከ4 ሰዓት በላይ ይሄዳል። ያው ባትሪ የእኔን ዴስክቶፕ 40 ደቂቃ እንኳን አያቆየውም። በ18 አምፒር ሰዓት ባትሪ ትንሹ ሳጥን ከ10 ሰዓት በላይ ያድራል፤ ማታ 12 ሰዓት የሄደ መብራት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ባይመጣም ኢንተርኔቱ አለ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የቢሮ ዩፒኤስ ይገዛል። ይሠራል፣ ግን ያባክናል። ዩፒኤሱ 12 ቮልቱን ወደ 220 ያወጣዋል፤ የራውተሩ አዳፕተር ደግሞ መልሶ ወደ 12 ያወርደዋል። በሁለቱም ጉዞ ላይ የሚጠፋው በሙቀት ነው። ለ10 ዋት ዕቃ ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ አያስፈልግም። በ12 ቮልት የሚሠራ ራውተር በቀጥታ ከባትሪ ሊበላ ይችላል። ለዚህ ነው አዳፕተሩን አስቀድሜ የማየው። ቀጥ ያለ መስመር ከሥሩ ሦስት ሰረዝ ያለበት ምልክት አለ፤ እሱ የባትሪ ዓይነት ኤሌክትሪክ ማለት ነው። ከጎኑ 12 ቮልት ካለ ጥሩ። 5 ቮልት ከሆነ በፓወር ባንክ ይሄዳል። 19 ቮልት ከሆነ፣ አብዛኛው የላፕቶፕ ዓይነት እንደሆነው፣ መሃል ላይ ቮልት ከፍ የሚያደርግ ሌላ ዕቃ ይፈልጋል።

ሚኒ ዩፒኤስ የሚባሉት በገበያ ያሉት ትንንሽ ሳጥኖችም ለዚህ ሥራ የተሠሩ ናቸው። እነሱን ስትገዙ ቁጥሩ እንዳያታልላችሁ። 8800 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለው የተለካው በውስጡ ባሉት ሊቲየም ባትሪዎች ቮልት ነው፤ በ3.7። በ12 ቮልት አይደለም። 8.8 በ3.7 ስታባዙት 32 ተኩል ዋት ሰዓት ነው። የሚባክነውን ስትቀንሱ ለ10 ዋት ጭነት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። ሻጩ «ሙሉ ቀን ይይዛል» ቢላችሁ ይህን ስሌት አስታውሱት።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ፈትኑ። ሰፈሩ በሙሉ መብራት በሄደበት ሰዓት መስመሩ ራሱ በሕይወት አለ? የፋይበር መስመር ከጣቢያው እስከ ቤት ድረስ መሃል ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዕቃ የለበትም፤ ብርሃኑን የሚያከፋፍለው መስታወት ነው። ጣቢያው እስካልጠፋ ይሠራል። በመዳብ ሽቦ የሚመጣው መስመር ግን መንገድ ዳር ባለ ካቢኔት ሊያልፍ ይችላል፤ የካቢኔቱ ባትሪ ካለቀ መስመሩም ያልቃል። ከጎረቤት ፓወር ባንክ ወይም ዩፒኤስ ተውሳችሁ፣ መብራት በሄደ ጊዜ የፋይበሩን ሳጥን አብሩት። ቀይዋ መብራት ጠፍታ አረንጓዴዋ ሳትርገበገብ ከቆመች ባትሪ መግዛት ያዋጣችኋል። ካልሆነ ገንዘባችሁን በሲም ካርድ ለሚሠራ ተጠባባቂ መስመር አድርጉት።

ሳጥኖቹ

አቅራቢው የሰጣችሁን ሳጥን እንደ ዜሮ ዋጋ ምርጫ ቁጠሩት። ለብዙ ቤት ይበቃል። ከውጭ የሚመጣን ያልተጠራ ግንኙነት በነባሪው አያስገባም። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ ደብሊውፒኤስ የሚባለውን በአንድ ቁልፍ የማገናኛ ዘዴ ዝጉ፣ ከውጭ ሆኖ ማስተዳደር የሚያስችለውን አጥፉ። ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ስልክና አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ካለ እዚህ ላይ አቁሙ፤ የቀረውን ብር ለባትሪ አውሉት።

ሌላ ሳጥን የሚያስፈልገው ቤቱ ውስጥ ሰው ሲበዛ፣ ካሜራ ሲገባ፣ ወይም ከቤት የሚሠራ ሰው ሲኖር ነው። እኔ ዋናው ጥቅሙ ወረፋ ማስያዙ ነው ባይ ነኝ። መስመራችን ቀጭን ነው። ልጁ ቪዲዮ ወደ ቴሌግራም ሲጭን የእናቱ ስብሰባ ድምፅ ይቆራረጣል። ኬክ የሚባል ወረፋ ማስያዣ አለ። የመስመሩን ትክክለኛ ፍጥነት ለክታችሁ 85 ወይም 90 በመቶው ላይ ትገድቡታላችሁ፤ ከዚያ ወረፋው እናንተ ቤት ውስጥ ይሆናል፣ ትልቁ ፋይል ትንሿን ድምፅ አያፍናትም። ያልሞከረው ሰው ላያምን ይችላል፣ የኛን ቤት ግን ሰላም ያመጣው እሱ ነው።

ይህን ለማግኘት በጣም ርካሹ መንገድ ኦፕን-ደብሊውአርቲ የሚጫንበት ተራ ራውተር ነው። ኦፕን-ደብሊውአርቲ ሊንክሲስ እ.ኤ.አ. በ2003 የአንድ ራውተሩን ኮድ ይፋ ካደረገ በኋላ የተወለደ ነጻ የራውተር ሶፍትዌር ነው፤ እስከ ዛሬም ይታደሳል። ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ7 ለዚህ የታወቀ ነው፤ 128 ሜጋባይት ራም፣ በኋለኞቹ ስሪቶች 16 ሜጋባይት ማስቀመጫ፣ አዳፕተሩም 12 ቮልት። ለ25 ሜጋቢት መስመር ይተርፈዋል። ዩዝድ ሲሸጥ ካገኛችሁት ገልብጡትና ከሥሩ ያለውን ወረቀት አንብቡ። ስሙ አንድ ሆኖ የስሪት ቁጥሩ ሲለያይ ውስጡም ሊለያይ ይችላል። ቁጥሩን ኦፕን-ደብሊውአርቲ ገጽ ላይ ካለው ሰንጠረዥ ጋር አመሳክሩ። በየሱቁ የሚገኘውን ትንሹን ቲኤል-ደብሊውአር841ኤን ግን ለዚህ ሥራ አትግዙት። ብዙዎቹ 4 ሜጋባይት ማስቀመጫና 32 ሜጋባይት ራም ነው ያላቸው፤ ከ19.07 ስሪት ወዲህ ደግሞ ለዚህ መጠን አዲስ ነገር አይወጣለትም። ያልታደሰ ፋየርዎል ፋየርዎል አይባልም።

ሶፍትዌር ስትቀይሩ ራውተሩን ከባትሪ ወይም ከዩፒኤስ ላይ አድርጉት። ግማሽ መንገድ ላይ መብራት ከሄደ ሳጥኑ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፤ ማስነሳቱም ሽቦ መበየድ ሊጠይቅ ይችላል።

እንዲህ ያለው ጣጣ ለማይመቸው ሰው ጂኤል አይኔት ኦፕን-ደብሊውአርቲን ጭኖ ይሸጣል። ማንጎ የምትባለው ቢጫዋ ክብሪት የምታክል ናት ብል ብዙም አላጋነንኩም። 5 ቮልት፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ፣ ከ3 ዋት በታች። በፓወር ባንክ ታድራለች። ወደቦቿ፣ የኔትወርክ ገመድ የሚሰካባቸው፣ 100 ሜጋቢት ናቸው፤ ዋይፋይዋም ሁለት ክፍል አልፎ አይሄድም። ለአንድ ስቱዲዮ ቤት ወይም ለተማሪ እሷን ነው የምመክረው።

ማይክሮቲክ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በመጨረሻ የወሰድነው እሱን ነው። ኩባንያው የላትቪያ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያለ። እዚህም ካፌና ፔንሲዮን ውስጥ ዋይፋይ በኩፖን የሚሸጡ ሰዎች ስለሚጠቀሙበት የሚያውቀው ባለሙያ አይጠፋም። ሄክስ የሚባለው፣ አርቢ750ጂአር3 የሚል ቁጥር ያለው፣ አምስት ባለ ጊጋቢት ወደብ አለው፤ 256 ሜጋባይት ራም፣ ባለ ሁለት ኮር 880 ሜጋኸርዝ። ምንም ካልተሰካበት የሚበላው ከፍ ቢል 5 ዋት ነው። የማረከኝ ግን ሌላ ነው። ከ8 እስከ 30 ቮልት ድረስ ያለውን ሁሉ ይቀበላል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲሞላ ከ13 ተኩል በላይ ይወጣል፣ ሲራብ ደግሞ ወደ 11 ይወርዳል። ሌላው ራውተር 12ን ብቻ ለምዶ ሲንገጫገጭ ሄክስ ጉዳዩም አይደለም። አንድ ጥንቃቄ፦ በሄክስ ስም የሚሸጡ ሌሎች ሞዴሎችም ስላሉና የቮልት ወሰናቸው አንድ ስላልሆነ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ።

ሄክስ ዋይፋይ የለውም። አቅራቢው የሰጣችሁ ሳጥን ወይም አሮጌ ራውተር ዋይፋዩን ይሥራ። የዩኤስቢ ወደቡ ላይ የ4ጂ ሞደም መሰካት ይቻላል፤ ፋይበሩ ሲቆረጥ ራሱ ወደ ሲሙ ይዞራል። መግዣው በውጭ ገበያ ወደ 60 ዶላር ነበር። በብር ስንት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይገኝም።

ማይክሮቲክ ክፉ ጎንም አለው። ሁሉም ነገር የሚነካበት ዕቃ ስለሆነ በቀላሉ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዊንቦክስ በሚባለው ማስተዳደሪያው ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ኩባንያው በሚያዝያ ወር ደፈነው። ያላደሱት ግን በወራት ውስጥ በብዛት ተጠቁ፤ የሰው ራውተር ክሪፕቶ ገንዘብ መቆፈሪያ ሆነ። ስለዚህ ከገዛችሁ በመጀመሪያው ቀን አድሱት፣ ከውጭ በኩል ማስተዳደርን ዝጉ፣ ቀድሞ የተሰጠውን የፋየርዎል ሕግ አታጥፉ። ሰባተኛው የሶፍትዌሩ ስሪት ኬክንም ስላካተተ ወረፋውም እዚያው ይሠራል።

ራስፕቤሪ ፓይ ስሙ ስለገነነ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ፓይ 4 ጥሩ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ሥራ ሲያጣ 3 ዋት አካባቢ ይበላል። ለራውተርነት ግን የኔትወርክ ወደቡ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛውን በዩኤስቢ ትጨምራላችሁ። ከዚያ ጥሩ አዳፕተር፣ ሳጥን፣ ሚሞሪ ካርድ። ሲደመር ከሄክስ ይበልጣል። ሚሞሪ ካርዱ ደግሞ የኛን ሰፈር መብራት አይወድም፤ እየጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ይበላሻል። በትንሹ ኮምፒውተር መንገድ መሄድ ካማራችሁ ናኖፓይ አር2ኤስ ይሻላል። ሁለት ባለ ጊጋቢት ወደብ አለው፣ በ5 ቮልት ይሠራል፣ ኦፕን-ደብሊውአርቲም ዋናውን ሥርዓት በማይጻፍበት ክፍል ስለሚያስቀምጠው ካርዱ ይተርፋል። እዚህ ሱቅ ውስጥ ማግኘቱ ነው የሚከብደው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይጠብቃል።

ከዱባይ ከሚመጡት ዩዝድ ዕቃዎች መካከል ትንንሾቹ ኮምፒውተሮች ያጓጉኛል፣ አልዋሽም። ሌኖቮ ታይኒ፣ ኤችፒ ሚኒ፣ ዴል ዋይዝ። ሥራ ሲያጡ ከ8 እስከ 15 ዋት ባለው ውስጥ ይውላሉ፤ ከዴስክቶፕ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እረፍት ነው። ፒኤፍሴንስና መሰሉ ኦፒኤንሴንስ የሚጫኑት እዚህ ላይ ነው፤ ኦፒኤንሴንስ በኢንቴልና በኤኤምዲ 64 ቢት ላይ እንጂ በራስፕቤሪ ላይ አይሄድም። ማስታወቂያ ማገድ፣ የትኛው ስልክ ስንት ዳታ እንደበላ መመዝገብ፣ ከውጭ ሆኖ ወደ ቤት በሚስጥር መግባት፣ ሁሉም ይመቻል። ችግራቸው ሦስት ነው። ብዙዎቹ ወደባቸው አንድ ነው። አዳፕተራቸው 19 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ከባትሪ ጋር በቀጥታ አይስማሙም። ማራገቢያ ካላቸው ደግሞ የሰፈራችንን አቧራ ይጠባሉ። አስፋልት ባልገባበት መንገድ ዳር በጋ ላይ ማራገቢያ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከገዛችሁ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ ውስጥ፣ ግቡና ኃይል ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን አማራጭ አብሩ። ኦፒኤንሴንስ ሲጫን ዜድኤፍኤስ የሚለውን የዲስክ አሠራር ምረጡ፤ የኃይል መቋረጥን የሚችለው እሱ ነው።

ኢንቴል ኤን100 ያላቸው ማራገቢያ አልባ የቻይና ሳጥኖች የዚህ ዘመን ምርጥ ናቸው። ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ነው፤ አራት ኮር፣ ዝቅተኛ ዋት። ብዙዎቹ አራት ባለ 2.5 ጊጋቢት ወደብ ይዘው ይመጣሉ፣ አዳፕተራቸውም 12 ቮልት ነው። ገንዘቡ ካለና መስመራችሁ ከ500 ሜጋቢት በላይ ከሆነ ውሰዱ። ለ20 ሜጋቢት መስመር ግን ለአንድ ጆንያ ጤፍ ሲኖትራክ መከራየት ነው።

ድሮ ብዙ ሰው የሚመክረው ኤፒዩ2 የሚባለው የስዊስ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2023 አምራቹ ምርቱን እንደሚያቆም አስታውቋል። አዲስ ብላችሁ አትፈልጉት።

አሮጌ ላፕቶፕስ? እቤት ካለ ጥሩ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው። ስክሪኑ ተዘግቶ ከ10 እስከ 20 ዋት ይበላል፣ የራሱ ባትሪም አለው። ባትሪው ሲያልቅ ግን አብዛኛው ብቻውን አይነሳም። ሆዱ ያበጠ ባትሪ ካያችሁ አውጡት፤ ሌሊትና ቀን ቻርጅ ላይ የሚውል ያበጠ ሊቲየም ቤት ያቃጥላል።

የሰበታው ግቢ

ወንድሜ ሰበታ ግቢ አለው። ከኋላ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አከራይቷል፤ ዋይፋዩን ከኪራዩ ጋር ይሰጣቸዋል። በሩ ላይና ጓሮው ላይ ደግሞ አራት ካሜራ ሰቅሏል። ሁሉም በአንድ ዋይፋይ ላይ ነበሩ። አንድ ቀን ከተከራዮቹ አንዱ በቅንነት መጥቶ «ጋሼ፣ የበሩ ካሜራ በኔ ስልክ ላይ እየታየ ነው» አለው። የካሜራው የይለፍ ቃል ፋብሪካው የሰጠው ነበር። ልጁ ጨዋ ባይሆን ኖሮ ማን እንደሚወጣ ማን እንደሚገባ እያየ ይውል ነበር።

እዚያ ቤት ፋየርዎል የምር ያስፈልግ ነበር። ለአራት ሳጥኖች ዋጋ ጠየቅን። ኤን100 በሁለት እጥፍ ተኩል ተወደደብን። ዩዝድ ታይኒ ከሄክስ እምብዛም አይበልጥም ነበር፣ ግን ወደብ መጨመርና ለባትሪ ማስተካከያ መግዛት ሲመጣ በለጠ። አርቸር ሲ7 ርካሽ ነበር፤ የሚሸጠው ሰው የስሪት ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ቀዶ ስለነበር ተውነው። ሄክሱን ወሰድን።

ከሄክሱ አምስት ወደቦች አራቱን ከፋፈልናቸው። አንዱ ወደ ፋይበሩ ሳጥን። አንዱ የወንድሜ ቤት። አንዱ የተከራዮቹ፣ ርካሽ ራውተር ተሰክቶበት ዋይፋይ ይሰጣቸዋል። አንዱ የካሜራዎቹ። ሕጉ አጭር ነው፦ ተከራዮቹ ኢንተርኔት ይገባሉ፣ ወደ ቤቱ አይገቡም። ካሜራዎቹ የትም አይወጡም፣ ኢንተርኔትም ጭምር፤ ወንድሜ ከቤቱ በኩል ብቻ ያያቸዋል። የካሜራዎቹ የይለፍ ቃልም ተቀየረ። ተከራዮቹ ማታ ማታ ፊልም ሲያወርዱ የወንድሜ ልጅ የኦንላይን ትምህርቷ አይቆራረጥም፣ ወረፋው ስለተደለደለ።

ባትሪው 12 ቮልት 18 አምፒር ሰዓት ነው። ሲሞላ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ቻርጀር ገዛንለት፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ የሚሞላ ቻርጀር በሁለት ወር ውስጥ ያፈላዋል። ከባትሪው ፖዘቲቭ እንደወጣ ወዲያው ባለ 3 አምፒር ፊውዝ አስገባን። ፊውዝ ሳይኖር ሽቦ ከባትሪ ጋር አታገናኙ፤ ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ በዚያው ይቀልጣሉ። ሄክሱ በቀጥታ ተሰካ። የፋይበሩ ሳጥን ግን 12 ብቻ ስለሚወድ መሃሉ ላይ ቮልቱን 12 ላይ የሚያቆም ትንሽ ሬጉሌተር ገባ። የሶኬቱ ጫፍ ላይ የትኛው ፖዘቲቭ እንደሆነ አዳፕተሩ ላይ በክብና በነጥብ ተሥሏል፤ እሱን አይታችሁ ነው የምትበይዱት።

ቻርጀሩ የተሰካበት ዲቫይደር ላይ ስታብላይዘር አለ። መብራት ሲመለስ ቮልቱ አንዳንዴ ዘሎ ነው የሚመጣው፣ አዳፕተር የሚያቃጥለውም እሱ ነው። አሁን ቢቃጠል እንኳን የሚቃጠለው ቻርጀሩ ነው፤ ራውተሩ ከባትሪው ጀርባ ነው ያለው። ሰበታ መስመሩ ፋይበር ስለሆነ የክረምት መብረቅ በመስታወቱ አይመጣም። የእናንተ በመዳብ ሽቦ ከሆነ ግን ነጎድጓድ ሲጀምር የስልክ ሽቦውን ከሞደሙ ንቀሉ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በግቢ ላይ የተዘረጋውን የኔትወርክ ገመድም እንዲሁ።

ሥራውን የጨረስን ዕለት ለመፈተን ቻርጀሩን ከሶኬት ነቀልነው። ወንድሜ ልጁን ቪዲዮ አስከፍቶ አጠገቧ ተቀመጠ፣ እኔ መልቲሜትሩን ይዤ ባትሪው ላይ። 12.7፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 12.6። ራት በልተን ስንመለስ 12.4። ባትሪው ላይ የተገዛበትን ቀን በማርከር ጻፍንበት። እንዲህ ያለ ባትሪ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ሰዓቱ እያጠረ ሲመጣ ይቀየራል።